ፋይናንስን በዩኒቨርሲቲ አጥንቶ የፋይናንስ ተንታኝ ለመሆን፦ ከመጀመሪያው ዓመት እስከ ሥራ ቃለ መጠይቅ

የፋይናንስ ተንታኝ ሥራ ስለ አንድ ድርጅት፣ ብድር ወይም ኢንቨስትመንት የሚገኘውን መረጃ መርምሮ፣ ገንዘቡን የሚያወጣው አካል ተማምኖበት ሊወስን የሚችልበትን በምክንያት የተደገፈ አስተያየት ማቅረብ ነው። ዩኒቨርሲቲ ለዚህ የሚያስፈልገውን ዕውቀት ያስተምራል፤ ይሁን እንጂ ዕውቀቱ በየኮርሱ ተከፋፍሎ ስለሚሰጥ፣ በጥሩ ውጤት የተመረቀ ተማሪ እንኳ የአንድ ኩባንያ ዓመታዊ ሪፖርት ሲሰጠው ከየት መጀመር እንዳለበት የሚቸገርበት ጊዜ አለ። የሒሳብ አያያዙን፣ ስታትስቲክሱንና የዋጋ ግመታውን ለየብቻ ያውቃቸዋል፣ በአንድ ላይ ሠርቶባቸው ግን አያውቅም።

ይህ መመሪያ ለዚህ ችግር የሚያቀርበው መፍትሔ አንድ ነው፦ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ኩባንያ መርጦ እስከ ምረቃ ድረስ መከታተል፣ በየኮርሱ የሚማሩትንም ሁሉ በዚያ ኩባንያ ላይ መሞከር። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ በዚህ ሐሳብ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ የተንታኝ ሥራ ዓይነቶችን ይለዩ

«ተንታኝ» የሚለው መጠሪያ ብዙ ሥራዎችን ያቅፋል። በኢንቨስትመንት ባንኮችና በአክሲዮን አገናኝ ድርጅቶች ውስጥ የሚሠራው ተንታኝ ስለ ኩባንያዎች ጥናት አዘጋጅቶ ለደንበኞች ያቀርባል። በጡረታ ፈንድ፣ በኢንሹራንስ ወይም በኢንቨስትመንት ፈንድ ውስጥ ያለው ደግሞ ጥናቱን የሚያዘጋጀው የራሱ ተቋም ገንዘቡን የት እንደሚያውል ለመወሰን ነው። የብድር ተንታኝ ተበዳሪው ዋናውንና ወለዱን በጊዜው መክፈል መቻሉን ይመረምራል። በኩባንያ ውስጥ የሚሠራው ተንታኝ በጀት ያዘጋጃል፣ የወደፊት ገቢና ወጪን ይተነብያል፣ ዕቅድ ከአፈጻጸም የተለየበትን ምክንያት ለአመራሩ ያስረዳል።

ልዩነቱን መረዳት የሚጠቅመው እያንዳንዱ ተንታኝ ተመሳሳዩን ሪፖርት የሚያነብበት ዓይን ስለሚለያይ ነው። ባለአክሲዮኑ «ይህ ድርጅት ምን ያህል ሊያድግ ይችላል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አበዳሪው «ነገሮች ቢበላሹ ገንዘቤ ይመለሳል?» ብሎ ይጠይቃል፤ አበዳሪ ድርጅቱ ምንም ያህል ቢያድግ ከተስማማበት ወለድ በላይ አያገኝምና። በመጀመሪያው ዓመት ምርጫዎን መቁረጥ አይጠበቅብዎትም፤ ሁለቱን ጥያቄዎች ግን ከጅምሩ ይያዙ።

ደረጃ 2፦ የሚከታተሉትን ኩባንያ ይምረጡ

የሚመርጡት ኩባንያ አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ፣ በኦዲተር የተመረመረ ሪፖርት በየዓመቱ ለሕዝብ የሚያወጣ፣ ሥራውም በሁለት ዓረፍተ ነገር ሊገለጽ የሚችል ይሁን። ዕቃ አምርቶ የሚሸጥ ድርጅት ለጀማሪ ከሁሉም ይሻላል፣ ምክንያቱም ጥሬ ዕቃ፣ ክምችት፣ ማሽን፣ ተሰብሳቢ ሒሳብና ዕዳ ሁሉም በሒሳብ መግለጫው ላይ ይታያሉ። ባንክና ኢንሹራንስን ለጊዜው ይተዉ፤ ለባንክ የደንበኞች ተቀማጭ ዕዳ፣ የሰጠው ብድር ደግሞ ሀብት ስለሆነ፣ በሌሎች ድርጅቶች ላይ የሚሠሩት አብዛኞቹ መለኪያዎች እዚያ አይሠሩም።

ሪፖርቶቹ አብዛኛውን ጊዜ በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ለባለሀብቶች በተዘጋጀው ክፍል ይገኛሉ። በአሜሪካ ገበያ የተመዘገቡ ኩባንያዎች ሪፖርት ደግሞ የአገሪቱ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ባዘጋጀው ኤድጋር በተባለው የመረጃ ቋት ለማንም በነፃ ክፍት ነው። የአምስት ዓመት ሪፖርት ያውርዱ፤ ሲያነቡም በባለቀለም ፎቶግራፍና በሥራ አስኪያጁ መልእክት ሳይሆን በኦዲተሩ አስተያየት ይጀምሩ፣ ቀጥለው ሦስቱን መግለጫዎች (የትርፍና ኪሳራ፣ የሀብትና ዕዳ፣ የገንዘብ ፍሰት)፣ ከዚያም ከመግለጫዎቹ ሥር ያሉትን ማብራሪያዎች ያንብቡ። መጀመሪያ ላይ አብዛኛው አይገባዎትም። ያልገባዎትን ሁሉ በአንድ ደብተር ላይ በጥያቄ መልክ ይጻፉ፤ ከዚህ በኋላ የሚወስዷቸው ኮርሶች የእነዚያ ጥያቄዎች መልሶች ይሆናሉ።

ደረጃ 3፦ የሒሳብ አያያዝ ኮርሶችን ከሁሉም አስበልጠው ይያዙ

ብዙ የፋይናንስ ተማሪዎች የሒሳብ አያያዝን የሌላ ትምህርት ክፍል ሥራ አድርገው ስለሚያዩት ለማለፍ ያህል ብቻ ያጠኑታል። ይህ ከባድ ስህተት ነው፤ ተንታኝ የሚሠራበት ቁጥር ሁሉ የሚመነጨው ከሒሳብ አያያዝ ውሳኔ ነውና። ግብዎ መዝገብ መያዝ መቻል ብቻ ሳይሆን፣ ከቁጥሩ ጀርባ ማን ምን እንደወሰነ ማየት መሆን አለበት።

በአንድ ምሳሌ እንመልከተው። አንድ ድርጅት ባለፈው ዓመት 500 ሚሊዮን፣ በዚህ ዓመት 600 ሚሊዮን ሸጠ እንበል። የተጣራ ትርፉ 60 ሚሊዮን ነው። ሽያጩ በ20 በመቶ ማደጉን ብቻ ያየ ሰው ይደሰታል። አሁን ወደ ሀብትና ዕዳ መግለጫው ይሂዱ፦ ከደንበኞች የሚሰበሰበው ሒሳብ ከ50 ወደ 110 ሚሊዮን ወጥቷል፣ የዕቃ ክምችቱም በ25 ሚሊዮን ጨምሯል። ተሰብሳቢውን ለሽያጩ አካፍለው በ365 ቢያባዙት፣ ድርጅቱ ከደንበኞቹ ገንዘብ ለመሰብሰብ ቀደም ሲል 36 ቀን ተኩል ያህል ይፈጅበት የነበረው አሁን ወደ 67 ቀን ደርሷል። የገንዘብ ፍሰቱንም እንሥራ፦ ከ60 ሚሊዮን ትርፍ ተነሥተን፣ ጥሬ ገንዘብ ያልወጣበትን የ20 ሚሊዮን የእርጅና ተቀናሽ እንመልሳለን፣ ከዚያ በተሰብሳቢ የተያዘውን 60 እና በክምችት የተያዘውን 25 ሚሊዮን እንቀንሳለን። የሚቀረው ከዜሮ በታች 5 ሚሊዮን ነው። በወረቀት 60 ሚሊዮን ያተረፈው ድርጅት ከሥራው ያስገባው ጥሬ ገንዘብ ካወጣው አንሷል ማለት ነው። ምናልባት የዱቤ ጊዜውን አራዝሞ ሽያጩን አሳድጎ ይሆናል፤ ምናልባትም ደንበኞቹ መክፈል አቅቷቸው ይሆናል። ቁጥሩ መልሱን አይነግርዎትም፣ ማንን ምን መጠየቅ እንዳለብዎት ግን በትክክል ይጠቁምዎታል።

የጥሬ ገንዘብ ፍሰትም ቢሆን ሊያሳስት ይችላል። ዎርልድኮም የተባለው የአሜሪካ ቴሌኮም ኩባንያ በጁን 2002 እንዳመነው፣ የሌሎችን መስመር ለመጠቀም የከፈለውን የዕለት ተዕለት ወጪ እንደ ቋሚ ንብረት ግዢ አድርጎ መዝግቦ ነበር፤ በመጀመሪያ የተገለጸው መጠን ብቻ 3.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ወጪ ወደ ንብረት ሲዞር ትርፍ ከፍ ይላል፤ በዚያው ልክ ከሥራ እንቅስቃሴ የተገኘው የገንዘብ ፍሰትም ከፍ ብሎ ይታያል፣ ምክንያቱም ክፍያው በኢንቨስትመንት ክፍል ሥር ይመዘገባል። ሳይለወጥ የሚቀረው ከሥራ ከተገኘው ጥሬ ገንዘብ ላይ ለቋሚ ንብረት የዋለው ተቀንሶ የሚቀረው ነጻ የገንዘብ ፍሰት ነው። ስለዚህ በመረጡት ኩባንያ ላይ የአምስት ዓመት የተጣራ ትርፍ፣ ከሥራ የተገኘ ጥሬ ገንዘብና ነጻ የገንዘብ ፍሰት ጎን ለጎን በሠንጠረዥ ያስቀምጡ፤ የሚራራቁበትንም ዓመት ምክንያት ፈልገው ያግኙ።

የደንብ ለውጦችንም ይከታተሉ። ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ቁጥር 16 ከጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል፣ ቀድሞ በኪራይ ወጪነት ብቻ ይታዩ የነበሩ አብዛኞቹ የረጅም ጊዜ ኪራዮች በሀብትና ዕዳ መግለጫ ላይ እንዲወጡ አደረገ። ብዙ ሱቅ ወይም አውሮፕላን የሚከራዩ ድርጅቶች ምንም አዲስ ገንዘብ ሳይበደሩ ዕዳቸው አደገ። ይህን ሳያውቁ የ2018ንና የ2019ን ቁጥር ያነጻጸሩ እንደሆነ ያልተፈጠረ ቀውስ ያያሉ።

ደረጃ 4፦ ሒሳብን፣ ስታትስቲክስንና ኢኮኖሚክስን በእጅ እየሠሩ ይማሩ

የገንዘብን የጊዜ ዋጋ፣ ማለትም ወደፊት የሚመጣ ገንዘብ ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ፣ የሚያሰላ መሣሪያ በየስልኩ አለ፤ ቢሆንም ቢያንስ አንድ ጊዜ በወረቀት ይሥሩት። ለምሳሌ ጊዜው ሲያበቃ 1,000 የሚከፍል፣ በየዓመቱ 5 በመቶ ወለድ ያለው፣ 10 ዓመት የቀረው ቦንድ (መንግሥት ወይም ድርጅት ሲበደር የሚሰጠው የዕዳ ሰነድ) ይውሰዱ። የገበያው ወለድ ወደ 6 በመቶ ቢወጣ የዚህ ቦንድ ዋጋ ወደ 926 ይወርዳል። የቀረው ጊዜ ሁለት ዓመት ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ዋጋው 982 ገደማ ይሆን ነበር። ወለድ ሲወጣ የቦንድ ዋጋ ይወርዳል የሚለውን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል፤ ረጅም ጊዜ የቀረው ቦንድ የበለጠ እንደሚጎዳ በራሱ እጅ ያሰላ ተማሪ ግን ሲሊከን ቫሊ ባንክ በማርች 2023 እንዴት ሊወድቅ እንደቻለ ይገባዋል። ባንኩ የደንበኞቹን ተቀማጭ ረጅም ጊዜ ባላቸው ቦንዶች ላይ አውሎ ነበር፤ ወለድ በፍጥነት ሲያድግ የቦንዶቹ ዋጋ ወረደ፣ አስቀማጮችም ገንዘባቸውን በአንድ ጊዜ ጠየቁ።

በስታትስቲክስ በኩል አማካይን፣ ልዩነትን፣ ተዛምዶንና ሪግሬሽንን (አንዱ ነገር ሲለወጥ ሌላው በምን ያህል እንደሚለወጥ የሚገምተውን ስሌት) በደንብ ይያዙ፤ በተለይ ሁለት ነገሮች አብረው መንቀሳቀሳቸው አንዱ የሌላው መንስኤ ነው ማለት አለመሆኑን። ከኢኮኖሚክስ ደግሞ የወለድ፣ የዋጋ ንረትና የምንዛሪ ለውጥ ወደ እርስዎ ኩባንያ በየትኛው መንገድ እንደሚደርስ ይከታተሉ።

ደረጃ 5፦ ንድፈ ሐሳቡን ከነቅድመ ሁኔታው ያጥኑ

የዘመናዊ ፋይናንስ መሠረቶች ብዙ አይደሉም። ሃሪ ማርኮዊትዝ በ1952 ኢንቨስትመንቶችን በማሰባጠር ስጋትን መቀነስ እንደሚቻል በሒሳብ አሳየ። ሞዲልያኒና ሚለር በ1958 ግብርም የክስረት ወጪም በሌለበት ዓለም ድርጅት በዕዳም ሆነ በአክሲዮን ቢቋቋም ዋጋው እንደማይለወጥ አስረዱ። ዊሊያም ሻርፕ በ1964 ስጋትንና የሚጠበቅ ትርፍን የሚያያይዘውን ሞዴል አቀረበ፤ ብላክና ሾልስም በ1973 የኦፕሽን (አክሲዮንን በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት) ዋጋ ማስያ ቀመር አወጡ። ለፈተና ቀመሮቹን ያጠናሉ። ለሥራው ግን እያንዳንዱ ቀመር የቆመበትን ቅድመ ሁኔታ ይጻፉና፣ በመረጡት ኩባንያ ላይ የትኛው እንደማይሟላ ይለዩ።

ደረጃ 6፦ ሞዴል መሥራትን ይለማመዱ

ኤክሴል የተንታኝ ዋና መሣሪያ ሆኖ ቀጥሏል። በአንድ ፋይል ውስጥ ያለፉትን ዓመታት ሦስት መግለጫዎች ያስገቡ፣ ከዚያ ቀጣዮቹን አምስት ዓመታት ይተንብዩ። በእጅ የሚገቡ ግምቶችን በሰማያዊ፣ በፎርሙላ የሚሰሉትን በጥቁር መጻፍ በሙያው የተለመደ ነው፤ ሌላ ሰው ፋይሉን ሲከፍት የእርስዎ ግምት የቱ፣ ስሌቱ የቱ እንደሆነ ወዲያው ያያል። በፎርሙላ ውስጥ ቁጥር አይደብቁ። ሀብት ከዕዳና ከካፒታል ድምር ጋር እኩል መሆኑን የሚያረጋግጥ መስመር ከታች ይኑር።

ያ መስመር ዜሮ ሳይሆን ሲቀር የሚሆነውን ከራሴ ልምድ ልናገር። ተማሪ ሳለሁ የሠራሁት የመጀመሪያ ሞዴል በ12 ሚሊዮን አልገጥም አለኝ፤ የማስረከቢያው ቀን ስለደረሰ «ሌሎች ዕዳዎች» የሚል መስመር ጨምሬ 12 ጻፍኩበትና ገጠመ። መምህሬ ፋይሉን ከፍተው በቀጥታ ያንን ሴል ጠቅ አደረጉና «ይህ ዕዳ የማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ሁለት ቀን ፈልጌ ያገኘሁት፣ የተከፈለውን የትርፍ ድርሻ ከተከማቸው ትርፍ ላይ ቀንሼ ከጥሬ ገንዘቡ ላይ ግን ሳልቀንስ መቅረቴን ነው። ከዚያ ወዲህ ያልገጠመ ሒሳብን በመሙያ ቁጥር አስገጥሜ አላውቅም፤ እርስዎም አያድርጉት፣ ምክንያቱም ያለመግጠሙ ራሱ ስህተቱ የት እንዳለ የሚጠቁም መረጃ ነው።

ስህተት በታላላቅ ባለሙያዎችም ላይ ይደርሳል። ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ በ2010 ስለ መንግሥት ዕዳና ዕድገት ባወጡት ዝነኛ ጥናት ውስጥ፣ የኤክሴሉ አማካይ አምስት አገሮችን ሳያካትት ቀርቶ ነበር። በ2013 ይህንንና ሌሎች የአሠራር ችግሮችን ይፋ ካወጡት አንዱ ቶማስ ሄርንደን ሲሆን፣ እሱም በወቅቱ ለትምህርቱ የተሰጠውን ሥራ ይሠራ የነበረ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበር። ተማሪ መሆን የሌላውን ሥራ ከመፈተሽ አያግድም።

የዋጋ ግመታ ሲሠሩ ደግሞ የመጨረሻውን ቁጥር ከማመንዎ በፊት ግምቶቹን ያነቃንቁ። ከትንበያው ዓመታት በኋላ በየዓመቱ የሚገኘው የገንዘብ ፍሰት በ100 ተነሥቶ በ3 በመቶ ለዘለቄታው ያድጋል፣ የዲስካውንት ምጣኔውም (የወደፊቱ ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ የሚመለስበት መቶኛ) 10 በመቶ ነው ብንል፣ ዋጋው 100 ለሁለቱ ልዩነት ለ0.07 ሲካፈል 1,429 ያህል ይሆናል። ዕድገቱን 4 በመቶ፣ ምጣኔውን 9 በመቶ ቢያደርጉት ዋጋው 2,000 ይደርሳል። ሁለት ግምቶች እያንዳንዳቸው በአንድ ነጥብ ሲለወጡ ዋጋው በ40 በመቶ አደገ። በዚህ ምክንያት ጥሩ ተንታኝ አንድ ዋጋ ብቻ አያቀርብም፤ ግምቶቹ ሲለዋወጡ ዋጋው ከየት እስከ የት እንደሚሄድ በሠንጠረዥ ያሳያል፣ የትኛውን ግምት ለምን እንደመረጠም ያስረዳል።

ኤክሴልን ከያዙ በኋላ መረጃን ከቋት ለማውጣት ኤስኪውኤልን፣ ብዙ መረጃ ለማቀናበር ደግሞ ፓይተንን ይጨምሩ። ቅደም ተከተሉን አይገልብጡት፤ የሒሳብ መግለጫ የማያነብ ሰው በፓይተን የሚያገኘው ፍጥነት ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ ጽሑፍ ይጻፉ

ለዚህ ደረጃ ብዙ ተማሪዎች ጊዜ አይሰጡትም፤ እኔ ግን ከሞዴል ሥራ እኩል አስቀምጠዋለሁ፣ ምክንያቱም ውሳኔ የሚሰጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያነበው ሞዴሉን ሳይሆን ጽሑፉን ነው። በየሴሚስተሩ መጨረሻ ስለ ኩባንያዎ ሁለት ገጽ ይጻፉ። የመጀመሪያው አንቀጽ ድምዳሜውን ይያዝ፦ አክሲዮኑ ይገዛ ወይስ አይገዛ፣ ብድሩ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ፣ ለምን። ከዚያ ድምዳሜውን የሚደግፉ ሁለት ወይም ሦስት ነጥቦች ከነቁጥራቸው ይቅረቡ፤ በመጨረሻም ምን ቢከሰት ሐሳብዎን እንደሚለውጡ በግልጽ ያስፍሩ። ጽሑፉን ቀን ጽፈውበት ያስቀምጡ። ከስድስት ወር በኋላ አዲሱ ሪፖርት ሲወጣ የቀድሞውን ያውጡና የተሳሳቱበትን ቦታ በኅዳጉ ላይ ምልክት ያድርጉ። ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ልምምድ አላውቅም።

ደረጃ 8፦ የሥራ ልምምድና የሙያ ምስክር ወረቀት

የሥራ ልምምድ ከመጨረሻው ዓመት በፊት ባለው የዕረፍት ጊዜ ቢሆን ይመረጣል። የታወቀ የኢንቨስትመንት ተቋም ካልተገኘ የባንክ ብድር ክፍል፣ የኦዲት ድርጅት ወይም የኩባንያ ፋይናንስ ክፍል እኩል ይጠቅማል፤ ኦዲት ላይ የሠራ ሰው ቁጥሮች ከደረሰኝ ተነሥተው ወደ ሪፖርት እንዴት እንደሚደርሱ በዓይኑ ያያል።

በሙያው በሰፊው የሚታወቀው ምስክር ወረቀት ሲኤፍኤ (CFA፣ Chartered Financial Analyst) ነው። ሦስት የፈተና ደረጃዎች አሉት፤ ሰጪው ተቋም ለእያንዳንዱ 300 ሰዓት ያህል ጥናት ይመክራል፣ የመጀመሪያው ደረጃ ፈተናም 180 የምርጫ ጥያቄዎች አሉት። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ 23 ወር ወይም ከዚያ ያነሰ ሲቀረው ለመጀመሪያው ደረጃ ሊቀመጥ ይችላል። ማዕረጉን ለማግኘት ግን ፈተናዎቹን ከማለፍ በተጨማሪ ቢያንስ በ36 ወራት ውስጥ የተጠናቀቀ የ4,000 ሰዓት አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ ይጠየቃል። ተማሪ ሳሉ የመጀመሪያውን ደረጃ መሞከር ጥሩ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ውጤትዎን የሚጎዳ ከሆነ ግን ከምረቃ በኋላ ያድርጉት። ይኸው ተቋም ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚያዘጋጀው የኩባንያ ጥናት ውድድርም አለ፤ ዩኒቨርሲቲዎ የሚሳተፍ ከሆነ ቡድን ይግቡ።

የሥነ ምግባሩን ክፍል እንደ ቀላል ነጥብ ማግኛ አይዩት። ለሕዝብ ያልተገለጸ፣ ዋጋን ሊለውጥ የሚችል መረጃ በወዳጅ በኩል ቢደርስዎት በዚያ መገበያየትም ሆነ ለሌላ ማስተላለፍ በብዙ አገሮች ሕግ ወንጀል ነው፤ ይህን በልምምድ ጊዜ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ይጠንቀቁ።

ደረጃ 9፦ ለቃለ መጠይቁ ይዘጋጁ

ዓመታቱን ሙሉ የተከታተሉት ኩባንያ ፋይዳው እዚህ ይታያል። ስለ አንድ ኩባንያ ይንገሩን ሲባሉ፣ ሰሞኑን ተጣድፎ ካነበበው ተወዳዳሪ በተለየ የበርካታ ዓመታት ታሪኩን፣ የተነበዩትንና የተሳሳቱበትን ጭምር መናገር ይችላሉ። ቀን የተጻፈባቸውን ጽሑፎችና ሞዴሉን ይዘው ይሂዱ።

ከሚጠየቁት የቴክኒክ ጥያቄዎች በጣም የተለመደው ይህ ነው፦ የእርጅና ተቀናሽ በ10 ቢጨምር ሦስቱ መግለጫዎች ምን ይሆናሉ? ግብሩ 30 በመቶ ነው፣ ግብር ሰብሳቢውም ተመሳሳዩን ተቀናሽ ይቀበላል ብለው ግምትዎን አስቀድመው ይናገሩ፤ ከዚያ በተርታ ይሂዱ። ከግብር በፊት ያለው ትርፍ በ10 ይቀንሳል፣ ግብሩ በ3 ይቀንሳል፣ ስለዚህ የተጣራ ትርፍ በ7 ይወርዳል። በገንዘብ ፍሰት መግለጫ ላይ ትርፉ በ7 ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ ጥሬ ገንዘብ ያልወጣበት 10 ይመለሳል፣ ጥሬ ገንዘብም በ3 ይጨምራል። በሀብትና ዕዳ መግለጫ ላይ ጥሬ ገንዘብ በ3 ይወጣል፣ ቋሚ ንብረት በ10 ይወርዳል፣ ጠቅላላ ሀብት በ7 ይቀንሳል፤ በሌላው ወገን የተከማቸ ትርፍ በ7 ስለሚቀንስ ሁለቱ ይገጥማሉ። መልሱን ሳይቸኩሉ፣ እያንዳንዱን እርምጃ ጮክ ብለው እያሰቡ ይናገሩ፤ ጠያቂው በዋናነት የሚከታተለው ከአንዱ መግለጫ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሻገሩ ነው።